ሮለር ኮስተር ቁማር ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?



ዛሬ ስለ አንድ መጫወቻ እናወጋለን። ብዙዎቻችን በአካል አላየነውም። ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ግን በእኛው ስልክ ላይ በቀን አሥር ጊዜ ያዩታል። ሰው የጫነ ባቡር ከከፍታ ላይ ቁልቁል ይወረወራል፣ ይጠማዘዛል፣ ተገልብጦ ይዞራል። ተሳፋሪው ሲወርድ ይጮኻል፣ ሲደርስ ይስቃል። ስሙ ሮለር ኮስተር ነው።

የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ይሄ ባቡር አዳማ ለምን የለም?» ብላ ስትጠይቀኝ ደስ አለኝ። ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት አልቸገረኝም። ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን ከበድ ይላል። በቪዲዮው ላይ ባቡሩ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ተነሥቶ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው። «ቤቱ ምንድን ነው?» አለችኝ። ቤቱ ቁማር ቤት ነው።

የልጆች መጫወቻ ቁማር ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ላይ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል፤ መጨረሻው ግን እኛው ሰፈር ጥግ ላይ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞተር የሌለው ባቡር

በቅድሚያ አሠራሩን እንይ፤ ልጆች ሲጠይቋችሁ መልስ አታጡም። አብዛኛው ሮለር ኮስተር ባቡር ይባል እንጂ ሞተር የለውም። በሰንሰለት ተጎትቶ የመጀመሪያው ኮረብታ ጫፍ ላይ ይወጣል። ሲወጣ የሚሰማው «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጥርስ ድምፅ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ሰንሰለቱ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው የሚያስኬደው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ጭነት ይዞ የወረደ ሾፌር ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ሲወርድ ሥራው መኪናውን መግፋት ሳይሆን መያዝ ነው።

«ለምን አይወድቅም?» ብለው ከጠየቋችሁ መልሱ ጎማው ላይ ነው። በ1919 ጆን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ከሐዲዱ ሥር ገብቶ የሚይዝ ጎማ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ባቡሩ ሐዲዱን ከላይ፣ ከጎንና ከሥር በጎማ ስለጨበጠው አይነቀልም።

አንድ ሕግ ግን አለ። ሁለተኛው ኮረብታ ከመጀመሪያው ማነስ አለበት፤ ሦስተኛውም እንዲሁ ከመጀመሪያው ማነስ አለበት። ሰበቃና ነፋስ በየደቂቃው ከባቡሩ ጉልበት ትንሽ ትንሽ ይወስዳሉ፤ የወሰዱትን አይመልሱም። ስለዚህ ባቡሩ ወደ ተነሣበት ከፍታ በራሱ ጉልበት ተመልሶ አይወጣም። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከመጠጥ ቤት ያወጣል የተባለው ጨዋታ

የጨዋታው ሥር ሩሲያ ነው። በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ አካባቢ በክረምት ከእንጨት ከፍ ያለ ማማ ይሠሩና ቁልቁለቱ ላይ ውሃ ያፈሱበታል። ውሃው በረዶ ሲሆን በመንሸራተቻ ይወርዱበታል። በአጭሩ የበረዶ ሸርተቴ ማለት ነው። ፈረንሳዮች በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጎማ ጨምረውበት ፓሪስ ላይ ተከሉት። እስከ ዛሬ ድረስ ፈረንሳዮቹ ጨዋታውን «የሩሲያ ተራሮች» ይሉታል። የሚያስቀው፣ ሩሲያውያን ደግሞ «የአሜሪካ ኮረብታዎች» ነው የሚሉት።

አሜሪካ የገባበት ታሪክ ለዛሬው ጉዳያችን ቁልፍ ነው። በ1884 ላማርከስ ቶምሰን የተባለ ሰው ኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ በተባለ የባሕር ዳርቻ ላይ የመጀመሪያውን የመዝናኛ ባቡር ከፈተ። ዋጋው 5 ሳንቲም ነበር። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስለነበር የአዳማ ጋሪ ሳይቀድመው አይቀርም። ቶምሰን ሃይማኖተኛ ሰው ነበር። በዚያ ዳርቻ መጠጥ ቤቱ፣ ሴተኛ አዳሪነቱና ቁማሩ በዝቶ ስላየ፣ ሰው ከነቤተሰቡ በንጹሕ ጨዋታ እንዲደሰት ብሎ እንደሠራው ይነገርለታል።

ልብ በሉ፤ ሮለር ኮስተር ሰውን ከቁማርና ከመጠጥ ያወጣል ተብሎ የተሠራ ጨዋታ ነበር።

ወደ ቁማር ቤት የገባበት ዘመን

ኔቫዳ የአሜሪካ በረሃማ ግዛት ናት። በ1931 ቁማርን በሕግ ፈቀደች። ላስ ቬጋስ የምትባለው ከተማዋ በዚህ ገቢ አደገች። ለብዙ ጊዜ እንግዳዋ ጎልማሳ ነበር። ልጅ ያለው ሰው ግን ዕረፍቱን ወደ ባሕር ወይም ወደ መናፈሻ ይወስዳል። ታዲያ ይህን ቤተሰብ እንዴት እናምጣው?

በ1968 ሰርከስ ሰርከስ የሚባል ቁማር ቤት ተከፈተ። ከቁማር ጠረጴዛዎቹ በላይ የሰርከስ ባለሙያዎች በገመድ ይወነጨፉ ነበር። በ1993 ይኸው ቤት በመስታወት ጉልላት ሥር የመጫወቻ መናፈሻ ከነሮለር ኮስተሩ ሠራ። በዚያው ዓመት ኤም ጂ ኤም ግራንድ የተባለው ግዙፍ ሆቴል ከጀርባው ሙሉ የመዝናኛ መናፈሻ ይዞ ተከፈተ። በ1996 ስትራቶስፌር ይባል የነበረው ማማ ከመሬት 277 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሮለር ኮስተር አስቀመጠ። በ1997 ደግሞ የኒውዮርክን ሕንፃዎች አስመስሎ የተሠራ ሆቴል ተመረቀ። 62 ሜትር ከፍታ ያለው ሮለር ኮስተር ሕንፃዎቹን እየዞረ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ይበራል።

ከሁሉም ይልቅ የእኔን ትኩረት የሳበው ግን ዴስፐራዶ ነው። ትርጉሙ ተስፋ የቆረጠ ሽፍታ እንደ ማለት ነው። በ1994 የተከፈተው ከላስ ቬጋስ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በካሊፎርኒያ ድንበር፣ በበረሃ መካከል ባለ ቁማር ቤት ነው። 64 ሜትር ከፍታ አለው። ቁልቁለቱ ግን 69 ሜትር ነው፤ ምክንያቱም ባቡሩ ወርዶ ከመሬት በታች ዋሻ ውስጥ ይገባል። ፍጥነቱ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ሲከፈት በዓለም ላይ ከረጃጅሞቹና ከፈጣኖቹ አንዱ ነበር። ባቡሩ የሚነሣው ከቁማር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ጣሪያውን አልፎ ይወጣና ዞሮ ይመለስ ነበር።

ለምን እዚያ? ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ የሚወስደው አውራ ጎዳና በአጠገቡ ያልፋል። በረሃውን ለሰዓታት የተጓዘ ልጅ ከሩቅ ያን ኮረብታ ሲያይ «አባዬ፣ እዚህ እንቁም!» ይላል። አባት ይቆማል። ባቡሩ ያለበት ቤት ደግሞ የቁማር ማሽን ቤት ነው። ለልጁ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ደስታ፣ ለአባት ሌሊቱን የሚቆይ ወንበር ተዘጋጅቷል።

በኔቫዳ ሕግ ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው መቆመር አይችልም። ስለዚህ ወላጅ ሲቆምር ልጅ በጎን ባለው የጌም ክፍል ይቆያል። በ1990ዎቹ በእነዚያ ቤቶች እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ብቻቸውን የሚተዉ ልጆች ጉዳይ ትልቅ መነጋገሪያ ሆነ፤ አስከፊ ወንጀል እስከ መፈጸም፣ ሕግ እስከ መለወጥም ደረሰ። ዝርዝሩን ለቤተሰብ ገጽ አልመርጠውም።

ቁማር ቤቶቹስ አተረፉበት? ብዙም አልቆየም። ልጁን ይዞ የሚዞር ወላጅ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። የኤም ጂ ኤም መናፈሻ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ። የማማው ሮለር ኮስተር በ2005 ቆመ። ላስ ቬጋስም ከ2003 ጀምሮ በማስታወቂያዋ «እዚህ የሆነው እዚሁ ይቀራል» የሚል መንፈስ ይዛ ወደ ጎልማሶቹ ተመለሰች። ዴስፐራዶ በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ባቡሩ ቆመ። የቤተሰብ መዝናኛ የተባለው ነገር ትርፍ እስካመጣ ድረስ ብቻ የቤተሰብ ነበር።

እኛስ?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2014 የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ስምጥ ሸለቆ ለብዙ ቤተሰብ ቀርቧል። ቢሾፍቱ ኩሪፍቱ ሐይቅ ዳር የውሃ መጫወቻ አለ፤ ልጆች በቱቦ ሸርተቴ ተንሸራትተው ውሃው ውስጥ ይወድቃሉ። አሠራሩ ያው ነው፤ ወደ ላይ በእግር፣ ወደ ታች በክብደት። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ስትሉ አዋሽ ዳር ሶደሬ አለ። እኛ ሽማግሌዎቹ አዳማን ናዝሬት ስንል በኖርንበት ዘመን ጀምሮ ፍልውሃውም፣ መዋኛውም፣ ዳቦ የሚነጥቀው ጦጣም እዚያው ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ላንጋኖ አለ፤ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ስንት ቤተሰብ ዋኝቶበታል። እነዚህ ቦታዎች ላይ ልጅና ወላጅ አንድ ውሃ ውስጥ ናቸው፤ አንዱ የሌላው መሳቢያ አይደለም።

አዳማ ላይ ሮለር ኮስተር ያለው ቁማር ቤት የለም። ሮለር ኮስተር የማያስፈልገው ግን አለ። ቤቲንግ የምንለው የስፖርት ውርርድ ነው። መሳቢያው ኳስ ነው። ልጃችን የሚወደውን ቡድን ማልያ እኛው ገዝተን አልብሰነዋል። ጨዋታውን ለማየት የሚገባበት ቤት ጎን ትኬት ይቆረጣል። ከጊዜ ወዲህ በየከተማው ብዙዎቹ ቤቶች ሲታሸጉ አይተናል፤ ውርርዱ ግን ወደ ስልክ ገባ። ስልኩ ደግሞ ኪስ ውስጥ ነው። ሕጉ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ይከለክላል፤ የአጎቱን ስልክ ይዞ የሚቆርጠውን የ15 ዓመት ልጅ ግን በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቀው የለም።

በእድራችን ያሉ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል፤ ታታሪ ነው፣ አባወራም ነው። በዚህ ዓመት ለልጁ መመዝገቢያ ያስቀመጠው ብር ጠፋ። እናቱ መጀመሪያ የተሰረቀ መስሏቸው ነበር። «ሌባ ቢወስደው ይሻለኝ ነበር» አሉን። «ሌባ አንዴ ነው የሚወስደው። እሱ ግን በየማታው ሃምሳ፣ መቶ እያለ፣ የተበላውን አስመልሳለሁ እያለ ነው የጨረሰው።» ሕፃኗ ትምህርት የጀመረችው አያቷ የዕቁብ ተራቸውን ለምነው አስቀድመው ስለወሰዱ ነው።

«አስመልሳለሁ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። የባቡሩን ሕግ የምንፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አሥር ጨዋታ የያዘ ትኬት

እስክሪብቶና ወረቀት አምጡ። እንበልና አንድ ውርርድ የመግባትና ያለመግባት ዕድሉ እኩል ነው፤ ልክ እንደ ሳንቲም ውርወራ። ሚዛናዊ ክፍያው በ1 ብር 2 ብር ነው። አወራራጁ ግን 1.85 ይከፍላል እንበል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ከ100 ብር በአማካይ 7 ብር ከ50 ሳንቲም ቤቱ ይወስዳል። ይህ የባቡሩ ሰበቃ ነው።

ወጣቶቹ ግን አንድ ጨዋታ አይዙም። አሥር ይደረድራሉ። አሥሩም የመግባት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። ሚዛናዊ ቢሆን ኖሮ በ1 ብር 1,024 ብር መከፈል ነበረበት። በ1.85 ተባዝቶ የሚከፈለው ግን 470 ብር ያህል ነው። 1,024 ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 ብር ቢያስይዙ 10,240 ብር ይሰበሰባል። በአማካይ አንዱ ይበላና 4,700 ብር ያህል ይወስዳል፤ ከ5,500 ብር በላይ ቤቱ ጋ ይቀራል። የበላው ሰው ወሬ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ የ1,023ቱን ወሬ ማንም አያወራም።

ቁማር ቤቶቹም በዚሁ ሒሳብ ነው የሚኖሩት። በአሜሪካ ሩሌት ላይ 38 ጉድጓድ አለ፤ ክፍያው ግን 36 እንዳለ ተቆጥሮ ነው። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር በአማካይ 5 ዶላር ከ26 ሳንቲም ለቤቱ ይቀራል። ማጭበርበር አያስፈልግም፤ ሰውየው ደጋግሞ መቀመጡ ብቻ በቂ ነው።

ባቡሩ ወደ ተነሣበት ከፍታ በራሱ ጉልበት አይመለስም ብለን ነበር። ገንዘቡም እንደዚያው ነው። አንድ ቀን ሊበላ ይችላል፤ ትንሽ ኮረብታ መውጣቱ ነው። በየዙሩ የሚቀነሰው ግን አይመለስም። «የተበላሁትን አስመልሳለሁ» የሚል ሰው ሁለተኛውን ኮረብታ ከመጀመሪያው ከፍ አድርጎ ሊሠራ የሚሞክር ሰው ነው።

ለልጆች ስትነግሩ ዕቁብን አንሡላቸው። ዕቁብም ዕጣ አለው፤ ስም ሲወጣ እልልታም አለ። ግን አሥር ሰው መቶ መቶ ብር ቢጥል ሺው ብር ለወጣለት ይሰጣል፤ ተራው ሲዞር ሁሉም የጣለውን ያገኛል። ዕጣው የሚወስነው መቼ እንደሚደርስህ ነው። ውርርድ ላይ ዕጣው የሚወስነው ማን እንደሚያጣ ነው። ይህን ልዩነት የአሥር ዓመት ልጅ ይረዳዋል።

ቤት ውስጥ የምንሠራው

በመጨረሻ ለወላጆችና ለአያቶች ጥቂት ምክር ልስጥ።

አንደኛ፣ ልጆችን መጫወቻ ቦታ ስትወስዱ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን እዩ። ሠራተኛው የእያንዳንዱን ልጅ መቀርቀሪያ በእጁ ነክቶ ያረጋግጣል? የቁመት ልክ ተለጥፏል? «ትንሽ ነው የጎደለው» ብላችሁ አትለማመጡ፤ ብረቱ የተለካው ለዚያ ቁመት ነው፤ ትንሽ ልጅ ሊያመልጠው ይችላል። ውሃ ላይ ከሆነ ደግሞ ልጁ ከእጃችሁ አይራቅ።

ሁለተኛ፣ ቦታው ላይ ልጁ ሲጫወት እናንተ የት እንድትቀመጡ እንደተዘጋጀ እዩ። ልጁን የምታዩበት ጥላ ከሆነ ለቤተሰብ የተሠራ ነው። ልጁን ከማታዩበት፣ ገንዘብ ከሚወጣበት ክፍል ከሆነ ግን ልጃችሁ ማጥመጃ ሆኗል።

ሦስተኛ፣ ልጃችሁ ትኬት ቆርጦ ብታገኙት ከዱላና ከስድብ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። የ1,024ቱን ሒሳብ አብራችሁ ሥሩ። ያፈረ ልጅ ይደብቃል፤ የገባው ልጅ ግን ለጓደኛውም ያስረዳል። ዕዳ ካለበትም ቀድሞ ለእናንተ እንዲነግር በሩን ክፈቱለት፤ «አስመልሳለሁ» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይህ የተደበቀ ዕዳ ነው።

አራተኛ፣ ሮለር ኮስተሩን ራሳችሁ ሥሩላቸው። ያረጀ የውሃ ጎማ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁ፤ ካልተገኘ ካርቶን እጠፉ። አንዱን ጫፍ ወንበር ላይ አስሩና መሐል ላይ ሁለት ኮረብታ አበጁለት። ከላይ ብይ ልቀቁ። ሁለተኛው ኮረብታ ከመነሻው ከፍ ካለ ብዪ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልጆቹ ከፍታውን እየቀነሱ፣ እየቀነሱ ይሞክሩ። የት ላይ እንደሚያልፍ ሲያገኙት የሚጮኹት ጩኸት ከዴስፐራዶ ተሳፋሪ ጩኸት አያንስም። አዳማ ላይ ገና ያልተሠራው ባቡር ሳሎናችሁ ውስጥ ተሠራ ማለት ነው። ወጪው ሳንቲም የለውም፤ ከእናንተ የሚጠይቀው አንድ የእሑድ ከሰዓት ብቻ ነው።

የሳምንት ሰው ይበለን። ቸር ሰንብቱ።